የጡረተኛው ባለሙያ ፈቃድ

ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ
ለጉራጌ ዞን ጤና መምሪያ፣ ወልቂጤ
ለምሥራቅ ጉራጌ ዞን ጤና መምሪያ፣ ቡታጅራ

ጉዳዩ፦ ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያዎች ተከታታይ ትምህርት ሳይወስዱ የሙያ ፈቃዳቸውን ይዘው ስለመቆየታቸው

በኢትዮጵያ በጤና ሙያ ለመሥራት ከኮሌጅ የተገኘ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ባለሙያው በሙያ መዝገብ ተመዝግቦ የሥራ ፈቃድ መያዝ እንዳለበት በአዋጅ ቁጥር 661/2002 እና አዋጁን ተከትሎ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ተደንግጎ የቆየ ሲሆን፣ የባለሙያዎች ቁጥጥር ከቀድሞው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ወደ ጤና ሚኒስቴር ከተዛወረ በኋላም ይህ መሠረት አልተናጋም። ከጊዜ በኋላ የተጨመረው ነገር፣ ፈቃዱ ሲታደስ ባለሙያው ዕውቀቱንም ማደሱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርብ መጠየቁ ነው። ይህ አሠራር ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አሳጥረው «ሲፒዲ» የሚሉት ሲሆን፣ ከምረቃ በኋላ ዕውቅና ካላቸው ማሠልጠኛዎች የሚወሰዱ አጫጭር ትምህርቶች በነጥብ እየተቆጠሩ ለእድሳት የሚቀርቡበት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው አገራዊ መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል።

መመሪያው ሲጻፍ በአርቃቂዎቹ ዓይነ ሕሊና የነበረው ባለሙያ ግን ደመወዝተኛ፣ አለቃ ያለው፣ ለሥልጠና ሲጠራም ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚጻፍለት ሰው ይመስላል። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣው ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ የመድኃኒት ባለሙያ ወይም ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ከዚህ ሥዕል ውጭ ናቸው፤ ሆኖም በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ጡረታ ማለት ሥራ ማቆም እንዳልሆነ ከእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የተሻለ የሚያውቅ የለም። የመንግሥትን ሥራ የለቀቀው ነርስ በግል ክሊኒክ ተቀጥሮ ይገባል፤ የመድኃኒት ባለሙያው መድኃኒት መደብር ይከፍታል ወይም በሌላ ሰው መደብር በኃላፊነት ይመዘገባል፤ ተቀጥሮ የማይሠራውም ቢሆን የሰፈሩ ሰው በሌሊት በሩን ማንኳኳቱን አይተውም። ስለዚህ እነዚህ ባለሙያዎች ተከታታይ ትምህርት ሳይወስዱ ፈቃዳቸውን ይዘው ይቆዩ ወይስ አይቆዩ የሚለው ጥያቄ የማዕረግ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ የታካሚውም ደኅንነት ጥያቄ ነው።

በጉዳዩ ላይ ሁለት አቋሞች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን 30 እና 35 ዓመት ሕዝብ ያገለገለን ሰው «ነጥብህን አምጣ» ማለት ውለታ መርሳት ነው፣ ልምዱ ራሱ ከማንኛውም የሦስት ቀን ሥልጠና ይበልጣል ይላል። ሌላው ወገን ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፣ ነጥብ የሌለው ሰው ፈቃድ የለውም፣ ሌላ ወሬ አያስፈልግም ይላል። ሁለቱም ወገኖች አንድን ወረቀት እየተጓተቱ መሆናቸውን ልብ አላሉትም፤ ምክንያቱም በዚያ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደርበው ታትመዋል። የመጀመሪያው ምዝገባ ነው፤ ይህም አንድ ሰው ሙያውን በሚገባ ተምሮ፣ ተፈትኖና ሠርቶ በሙያው ማኅበረሰብ ውስጥ የተቆጠረ መሆኑን የሚመሰክር ሲሆን፣ ስለ ትናንት የተሰጠ ምስክርነት በመሆኑ ጊዜ ሊሽረው አይገባም። ሁለተኛው የሥራ ፈቃድ ነው፤ ይህ ደግሞ ባለሙያው ዛሬ ታካሚ ቢመጣለት በዛሬው መመሪያ መሠረት ሊያክመው እንደሚችል መንግሥት ለሕዝብ የሚገባው ዋስትና ነው። የመጀመሪያውን ከጡረተኛ መንጠቅ ግፍ ነው፤ ሁለተኛውን ያለ ትምህርት መተው ደግሞ በታካሚው ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው። ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀው ሁለቱ እንዲለያዩ ነው።

መለያየቱ በሌላ አገር ተሞክሮ የታየ ነው። የብሪታንያ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ አካል በኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. ምዝገባንና የሥራ ፈቃድን ለያይቶ፣ ሐኪሞች ያለ ፈቃድም በመዝገቡ ላይ ስማቸውን ይዘው መቆየት የሚችሉበትን መንገድ ከፍቷል፤ በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች በየተወሰነ ጊዜ ብቃታቸውን እያሳዩ ፈቃዳቸውን የሚያጸኑበትን ሥርዓት ጀምሯል። ጡረታ የወጣው ሐኪም በመዝገቡ ላይ ይቆያል፣ በሐኪምነቱ ይጠራል፣ መድኃኒት ግን አያዝም። በአሜሪካም በርካታ ግዛቶች ለጡረተኛ ባለሙያዎች ከሥራ ፈቃድ የተለየ ደረጃ ይሰጣሉ። አሠራሩ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም፤ የሚፈልገው በመዝገቡ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነው።

ልምድ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ለማየት ከዚሁ ከአካባቢው በሽታ መነሣት ይሻላል። ወልቂጤ የጊቤን ሸለቆ ተጎራብታ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች ወባ ለሕክምና ባለሙያዎቿ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በቡታጅራ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶችም ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባሉ ቀበሌዎች ጭምር ወባ እንደሚገኝና በአካባቢው ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያ ሚዛን እንደሚደፋ አሳይተዋል። አሁን በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረ አንድ ነርስ ምን ምን ሲለወጥ እንዳየ መቁጠር ይቻላል። ሲመረቅ የወባ መድኃኒት ማለት ክሎሮኪን ነበር፤ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ይወስደው ነበር። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳይ ዝርያ ክሎሮኪንን በመልመዱ አገሪቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ገደማ ለዚህ ዝርያ ወደ ፋንሲዳር ተሻገረች፤ ፋንሲዳርም ብዙ ሳይቆይ ተሸነፈና በ2004 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ «ኮአርተም» ብሎ የሚያውቀው፣ ሁለት መድኃኒቶችን ያጣመረ ሕክምና ተተካ። ከዚያም በኋላ ለውጡ አልቆመም። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚያገረሽ በመሆኑ፣ የደሙን ተውሳክ ክሎሮኪን ቢያጠፋውም የተደበቀውን ለማጥፋት ፕሪማኪን ለ14 ቀናት መጨመር ወደ መመሪያው ገብቷል፤ ፕሪማኪን ደግሞ ጂ6ፒዲ የሚባለው የቀይ የደም ሴል ኢንዛይም ባነሰባቸው ሰዎች ላይ የደም መፍረስ ሊያስከትል ስለሚችልና ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ፣ ማን ይወስደዋል ማን አይወስደውም የሚለው ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላይ ላለች ነፍሰ ጡር ለዓመታት ሲታዘዝ የነበረው ኪኒን ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ግን የዓለም የጤና ድርጅት ለእነዚህም እናቶች የኮአርተምን ዓይነት ሕክምና የሚደግፍ ምክረ ሐሳብ አውጥቷል።

እንግዲህ በፋንሲዳር ዘመን ጡረታ ወጥቶ ከዚያ ወዲህ አንድም ትምህርት ያልወሰደ ባለሙያ፣ እጁ ምንም ያህል የተባረከ፣ ጠባዩም ምንም ያህል ርኅሩኅ ቢሆን፣ በፈቃዱ ላይ ያለው ማኅተም ታካሚውን ከስህተት አይጠብቀውም። እንዲያውም የሚያሠጋው ርኅራኄውና ዝናው ነው፤ ሕዝቡ «የተማረ ይግደለኝ» እያለ የሚሄደው ወደሚያምነው ሰው ነውና።

የሌሎቹ ሕክምናዎች ታሪክም ከዚህ አይለይም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከስምንት ወር ወደ ስድስት ወር አጥሯል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ለመጀመር የሲዲ4 ቁጥር ከ200 በታች እስኪወርድ ይጠበቅበት ከነበረው ዘመን፣ ቫይረሱ በደሙ የተገኘ ሁሉ ወዲያው ወደሚጀምርበት ዘመን ተሻግሯል፤ በወሊድ ክፍልም የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድን እናት ሁሉ በልማድ መቅደድ ቀርቷል፣ አዲስ የተወለደን ሕፃን ወዲያው ማጠብም እንዲሁ፤ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣን መንፈራገጥ ለማስታገስ ማግኒዥየም ሰልፌት የዳያዜፓምን ቦታ ወስዷል። ቡታጅራ በተለይ አንድ ነገር ልትመሰክር ትችላለች። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያካሄደው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የአካባቢውን ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻም በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት ተጀምሯል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምን በዚያው በጤና ጣቢያ እንዲያክሙ የተሞከረ ሥራ ተሠርቷል። ከዚህ በፊት ጡረታ የወጣ ነርስ የአእምሮ ሕመምተኛ ሲመጣበት አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ጠበል ከማለት የተሻለ ነገር አልተማረም፤ ያለ ትምህርት ከዚህ ውጭ እንዲያውቅ የሚጠብቅ ሰውም ሊኖር አይገባም።

ምርምሩ የሚናገረውም ከዚህ ጋር የሚሄድ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ይጨምራል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመና 62 ጥናቶችን የመረመረ አንድ ግምገማ፣ ከጥናቶቹ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ሐኪሞች በሥራ የቆዩበት ዓመት በረዘመ ቁጥር የሕክምናቸው ጥራት በተለኩት መስፈርቶች ሁሉ እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል። ይህን አይቶ ጡረተኞች ፈቃዳቸውን ይመልሱ ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሆስፒታሎች በተኙ አረጋውያን ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ40 በታች በሆኑ ሐኪሞች ከታከሙት ውስጥ በ30 ቀናት ጊዜ የሞቱት 10.8 በመቶ፣ 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሐኪሞች ከታከሙት ውስጥ ደግሞ 12.1 በመቶ መሆናቸውን ቢያሳይም፣ ብዙ ታካሚ የሚያዩት ሐኪሞች ተነጥለው ሲታዩ በዕድሜ ምክንያት የመጣ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ደንቡ መጠየቅ ያለበት «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ ወይም «ጡረታ ወጥተሃል?» ብሎ ሳይሆን «በቅርቡ ታካሚ አይተሃል? ባየኸው ላይ ምን ተማርክበት?» ብሎ ነው። በየቀኑ ታካሚ የሚያይ የ66 ዓመት ጤና መኮንን፣ ለአሥር ዓመት ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት ሲያጠናቅር ከኖረ የ45 ዓመት ባልደረባው ይልቅ ለፈቃድ ሊበቃ ይችላል፤ አሁን ያለው አሠራር ግን ነጥብ ቆጣሪ በመሆኑ ለሁለተኛው ያደላል።

የደብዳቤው ዋነኛ አቤቱታ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአገሪቱ የጤና ሥልጠና የሚሰጠው በአብዛኛው በመሥሪያ ቤት ጥሪ ነው፤ ፕሮግራሙ ገንዘብ ያገኛል፣ ለመምሪያው ኮታ ይመጣል፣ መምሪያው ለጤና ጣቢያው ይጽፋል፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሰው ይመርጣል፣ የተመረጠውም አበሉን ተቀብሎ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። አበል የብዙ ሥልጠናዎች እውነተኛ ሞተር መሆኑን የማያውቅ የመምሪያ ሠራተኛ የለም፤ ለተሳትፎው የሚመረጠው አንዳንዴ ትምህርቱ የሚያስፈልገው ሳይሆን አበሉ የሚያስፈልገው መሆኑም ያልተሰማ ወሬ አይደለም። ጡረተኛው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ቀለበት የለውም። የሚጽፍለት አለቃ የለም፣ በኮታው ውስጥ አይቆጠርም፣ በራሱ ገንዘብ ልሠልጥን ቢል ትምህርቱ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ከወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አልጋ ይዞ፣ ለሥልጠናው ከፍሎ መመለስ ደግሞ ለጡረታ አበል ቀላል ወጪ አይደለም። በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶች መኖራቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የኢሜይል አድራሻ ለመክፈት የልጅ ልጁን የሚጠራ ባለሙያ፣ ኮርሱን ማን እንደወሰደው መጠየቁ አይቀርም።

በዚህ ላይ የሥልጠናው ዓይነት ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የዓለም አቀፍ ጥናቶች ግምገማ፣ ለባለሙያዎች የሚሰጡ የትምህርት ስብሰባዎች በሥራ ላይ የሚያመጡት መሻሻል በመካከለኛ ግምት 7 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። 7 በመቶ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን በሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ በግድግዳ ላይ የሚበራ ጽሑፍ ሲነበብ መስማት ለታካሚ የሚያደርገው ነገር ጥቂት መሆኑን ይናገራል። አንድን ጡረተኛ ነጥብ ስላላመጣ ብቻ አደገኛ፣ ነጥብ ስላመጣ ብቻ ደግሞ ብቁ አድርጎ መቁጠር ሁለቱም መሠረት የላቸውም።

በር የሌለው ግዴታ ውጤቱ መታዘዝ ሳይሆን መደበቅ ነው። የመስቀል ሰሞን ወደ ጉራጌ የሚገባውን ሕዝብ ያስተዋለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ለመስቀል፣ በሙስሊሞቹ ዘንድ ደግሞ ለአረፋ አገር ቤት በሚገባው ዘመድ ውስጥ ጡረታ የወጡ ሐኪሞችና ነርሶች አሉበት፤ ክትፎው ከመቅረቡ በፊት በግቢው ጥላ ሥር የደም ግፊት መለኪያ ወጥቶ አክስቶችና አጎቶች ተራ ሲይዙ፣ ሻንጣው ውስጥ የመጣው መድኃኒት ሲታደል፣ የጎረቤት ልጅ ሳል ሲደመጥ ይታያል። ይህን ማንም ሕግ አያስቆመውም፤ የሚያስቆመው ቢገኝም ሕዝቡ አያመሰግነውም። መጠየቅ ያለበት እነዚህ ሰዎች የያዙት ዕውቀት የየትኛው ዓመት ነው የሚለው ነው።

ከዚህ የከፋው ግን በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ገብቶ ከመድኃኒት መደርደሪያው ጎን የተሰቀለው ፈቃድ ነው። መድኃኒት መደብር ወይም ክሊኒክ ለመክፈት ፈቃድ ያለው ባለሙያ በኃላፊነት መመዝገብ ስላለበት፣ የባለሙያው ወረቀት በግድግዳ ላይ ሆኖ ባለሙያው ግን ቤቱ የሚቀመጥበት፣ መድኃኒቱንም ሌላ ሰው የሚሸጥበት፣ በተለምዶ ፈቃድ ማከራየት የሚባለው ልማድ በመላ አገሪቱ ሲወራበት የኖረ ነው። ያለ አንዳች ግዴታ ዕድሜ ልክ የሚጸና ፈቃድ ለዚህ ኪራይ ከሁሉ የተመቸ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ባይሠራበትም ወረቀቱ ገቢ ያስገኝለታል። ጡረተኛው በልቶ ማደር አለበት የሚለው አዘኔታ እዚህ ላይ ልኩን ያልፋል፤ የጡረታ አበል ካነሰ መጨመር ያለበት አበሉ ነው እንጂ፣ በአሞክሲሲሊንና በሜትሮኒዳዞል መካከል ያለውን ልዩነት በቅጡ ያልተማረ ሻጭ ፊት የቆመች እናት ልትከፍለው አይገባም።

በተቃራኒው ጡረተኞቹ ይዘውት የሚሄዱት ዕውቀት ምን ያህል ውድ እንደሆነ መምሪያዎቹ ሲመዝኑት አይታይም። ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ በሆሳዕና መንገድ ላይ የሚገኘውና በ1969 እ.ኤ.አ. በካቶሊክ ሚስዮናውያን እህቶች የተመሠረተው አጣጥ ሆስፒታል፣ ከባድ ወሊድ ሊገጥማቸው የሚችሉ እናቶች ምጥ ሳይዛቸው መጥተው በሆስፒታሉ አጠገብ የሚቆዩበትን የእናቶች ማቆያ በ1976 እ.ኤ.አ. ከፍቷል፤ በአገሪቱ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቤት መሥራት ፖሊሲ የሆነው ከዚህ ብዙ ቆይቶ ነው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ያደገች አዋላጅ አልትራሳውንድ ሳይኖር የሕፃኑን አቀማመጥ በመዳፏ ታነባለች፤ አንዱን እጇን ከማሕፀኑ ጫፍ፣ ሌላውን ከአጥንቱ በላይ አድርጋ የጭንቅላቱን ጥንካሬና የመቀመጫውን ልስላሴ ትለያለች፣ የልቡን ምት በእንጨት ቀንድ በጆሮዋ ታዳምጣለች፣ ምጡ የቆመበትን ሰዓትም የምጥ መከታተያው ሥዕላዊ መዝገብ የማስጠንቀቂያውን መስመር ከማለፉ በፊት ትጠረጥራለች። መብራት ሲጠፋ ወይም መሣሪያው ሲበላሽ ይህ ችሎታ ሕይወት ያድናል፤ ከኮሌጅ የወጣችው ወጣት አዋላጅ ግን ይህን የሚያሳያት ሰው ላታገኝ ትችላለች፤ ምክንያቱም ማሳየት የምትችለው ሴት ጡረታ ወጥታ ቤቷ ተቀምጣለች፣ ፈቃዷም ጊዜው አልፏል። ወጣቷ ደግሞ ስለ ማግኒዥየም ሰልፌት መጠንና ስለ ፕሪማኪን ክልከላ አሮጊቷ ያልሰማችውን ታውቃለች። ሁለቱ በአንድ ክፍል ቢውሉ ሥልጠናው በሁለቱም አቅጣጫ በተካሄደ ነበር።

ከላይ በተዘረዘረው ምክንያት መሥሪያ ቤቶቹ በሥልጣናቸው ሥር ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ከሥልጣናቸው በላይ የሆነውንም ለጤና ሚኒስቴር ሊያቀርቡት የሚችሉት እንደሚከተለው ነው። የጡረተኛው ምዝገባ ያለ ክፍያና ያለ ነጥብ ዕድሜ ልኩን ይጽና፤ ለዚህም የሥራ ፈቃድ አለመሆኑ በጉልህ የተጻፈበት፣ ለክሊኒክም ሆነ ለመድኃኒት መደብር ኃላፊነት የማያገለግል የተለየ ካርድ ይሰጠው። ታካሚ ማየት ወይም መድኃኒት ማደል የሚፈልግ ጡረተኛ ግን ተከታታይ ትምህርቱን ይውሰድ፣ ከዚህ ነፃ የሚያደርግ የዕድሜም ሆነ የአገልግሎት ዘመን ምክንያት አይኑር። የትምህርቱ ይዘት ባለሙያው በሚሠራው ሥራ ይወሰን፤ በጉንችሬ ከተማ መድኃኒት የሚያድል ሰው ስለ ቀዶ ሕክምና ሰምቶ ነጥብ ከሚሰበስብ ይልቅ የወባን፣ የፀረ ተሕዋስያንን መድኃኒቶች አያያዝና የእርግዝና ክልከላዎችን በወጉ ቢማር ይሻላል። ነጥብ የሚቆጠረውም በአዳራሽ በተቀመጡበት ሰዓት ብቻ አይሁን፤ ጡረተኛዋ አዋላጅ በጤና ጣቢያ ወጣቶችን ስታስተምር የዋለችበት ቀን፣ ጤና መኮንኑ የገጠሙትን ከባድ ታካሚዎች ይዞ በሆስፒታል ሐኪም ፊት የተወያየበት ከሰዓት በኋላ በነጥብ ይቆጠር።

ቦታውም ሩቅ መሆን የለበትም። በጉብሬ የሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ይሰጣል፤ በቡታጅራም ሆስፒታልና ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀ የምርምር ልምድ አለ። ሁለቱ ተቋማት ለጡረተኞች በዓመት የተወሰኑ ቀናት መድበው፣ ያለ አበል ነገር ግን ያለ ክፍያም በሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቢሰጡ፣ ከቀናቱም አንዱን ዙር ለመስቀል አገር ቤት የሚገቡትም እንዲካፈሉ በመስከረም አጋማሽ ቢያደርጉት፣ ወጪው ከአንድ የሆቴል ሥልጠና ወጪ የሚበልጥ አይሆንም። ለትምህርቱ መግቢያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይጠየቅ፤ የምዝገባ ካርዱ ይብቃ።

እንዲህ ያለ መዝገብ መያዙ ሌላ ጥቅምም አለው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ወደ አገሪቱ ሲገባ መንግሥት ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያዎች ጭምር ለጥሪ እንዲዘጋጁ ጠይቆ ነበር፤ በዚያው ወቅት ብሪታንያ ከሦስት ዓመት ወዲህ፣ ቀጥሎም ከስድስት ዓመት ወዲህ ሥራ ያቆሙ ሐኪሞቿን ከመዝገቧ አውጥታ ጊዜያዊ ፈቃድ የሰጠቻቸው፣ ማን መቼ ሥራ እንዳቆመ ቀድማ ስለምታውቅ ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ስንት ጡረተኛ ነርስና ሐኪም እንዳለ፣ ማን መቼ ለመጨረሻ ጊዜ ታካሚ እንዳየ በስም ዝርዝር የያዘ መምሪያ፣ ወረርሽኝ ሲመጣ በሬዲዮ ከመጥራት ይልቅ ስልክ መደወል ይችላል።

ጉዳዩ የጤና ብቻ አይደለም። የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆችን በተከታታይ የሕግ ሥልጠና ያስገድዳል፤ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ከሒሳብ ባለሙያዎች ተመሳሳይ ነገር ይጠብቃል። በእነዚህም ዘርፎች የጡረተኞች ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ጊዜው ያለፈበት ጠበቃ ባለጉዳዩን በይግባኝ ሊያስመልሰው የሚችል ነገር ያሳጣዋል፣ ጊዜው ያለፈበት ሐኪም ግን ለይግባኝ ጊዜ አይሰጥም፤ በመሆኑም ቅድሚያው ለጤናው ይሁን።

የሚቀረው ፈቃዳቸው ከወዲሁ ያለፈባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ታካሚ እያዩ ያሉት አሁን በይፋ ቢጠየቁ «አዎ» አይሉም፤ ካላሉ ደግሞ አይማሩም። ስለዚህ መምሪያዎቹ ራሳቸውን ለሚያስመዘግቡ ጡረተኞች አንድ የሽግግር ዓመት አውጀው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለፈው ሥራ ለቅጣት እንዳይቆጠር፣ ነገር ግን ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርቱን ያልጨረሰ ሰው በምንም ዓይነት ምልጃ ወደ ክሊኒክ እንዳይመለስ ቢያደርጉ ምሕረቱም ሕጉም ቦታ ያገኛሉ። ማስታወቂያውም በቢሮው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር፣ ጡረተኞች የጡረታ አበላቸውን በሚቀበሉባቸው ባንኮች፣ በዕድሮችና በሁለቱም ከተሞች ገበያ በሚውልባቸው አደባባዮች፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች እንዲነገር ይጠየቃል። ቢሮውና መምሪያዎቹ ከእነዚህ ሐሳቦች የትኛውን እንደሚቀበሉ፣ ያልተቀበሉትንም በምን ምክንያት እንዳልተቀበሉ በይፋ እንዲገልጹ በአክብሮት ይጠየቃሉ።

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ ጉብሬ
ለቡታጅራ ሆስፒታል፣ ቡታጅራ